አዴ ሩቂያ ያጠመቀችው

በቅርቡ ድሬዳዋ ሄጄ፣ ቀትር ላይ በከዚራ ሰፈር ጥላ ጥላውን ስሄድ፣ አንዲት ሴት ከደጃፏ ብቅ ብላ በጋለው መሬት ላይ ውሃ ረጨች። አቧራው ትንሽ ተነስቶ ተመለሰና አንድ ሽታ መጣ። ድሬ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የዝናብ ሽታ አይደለም፤ ዝናብ እንደዚያ አይሸትም። የጋለ አሸዋ፣ በጣሳ የተደፋ ውሃ፣ ትንሽም ሸክላ ሸክላ የሚል ነገር ነው። እግሬ ቆመ። ሴትየዋ መንገድ የጠፋብኝ መስሏት «ማንን ፈልገሽ ነው አቦ?» አለችኝ። ማንንም አልኳት። ዋሸኋት፤ የአንድ የልጅነቴ ዓመት ሰዎች በሙሉ መጥተውብኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በመጋላ ሰፈር በኩል፣ ሁለት ቤት ባለው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ የእኛ ነው፣ አንዱ የአዴ ሩቂያ፤ መሀላችን አንድ ግድግዳ ብቻ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ እየወረደ ይሰነብታል፤ ሲመለስ ልብሱ ዘይትና ባሕር ይሸታል። እሱም እናቴም ሚሲዮን ያደጉ ካቶሊኮች ናቸው። አዴ ሩቂያ፣ «አዴ» እናት እንደማለት ነው፣ ሙስሊም ናት። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በእጇ የተቀበለች አዋላጅ ነበረች። በኦሮምኛ ጀምራ በአደርኛ ቀጥላ በአማርኛ ስትጨርስ የሰማ ሰው አንዱንም አይስትም፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንናገረው። «አንቺ» ስላት መሀል አገር ያደገ ሰው ይደነግጥ ይሆናል። ድሬ ውስጥ ግን አንቱታ ለእንግዳ ነው የሚቀመጠው።

እሑድ እሑድ ደቻቱን ተሻግረን እናስቀድስ ነበር። ወንዝ ይባላል እንጂ ያን ጊዜ አሸዋ ነው፤ እናቴ የቅዳሴ ጫማዋን በእጇ ይዛ በነጠላ ጫማ ትሻገረዋለች። ቅዳሴው በላቲን ስለሆነ አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ዝም ብዬ በመስታወቱ የሚገባውን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ሰው ራስ ላይ ሲሄድ አያለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ግን ማምለጫ የለም። መምህር ዮሐንስ በግቢው ዛፍ ሥር ሰብስበውን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሩናል፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኛ በዜማ እንመልሳለን። ከሁሉ የሚደጋገመው «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ታስተምረናለች» የሚለው ነበር።

እኔ ይህችን ቤተ ክርስቲያን አንዲት አሮጊት አድርጌ ነበር የያዝኳት። ሐረር፣ ጳጳሱ ቤት አጠገብ ትኖራለች። ወፍራም ናት፣ ብዙ አትነሳም፣ ሰው ጥያቄ ይዞ ሲመጣባት አሰብ አድርጋ ትመልሳለች። አንድ ቀን አባቴን ማንበብ ትችላለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ማን?» አለኝ። ነገርኩት። ለእናቴ ሄዶ ነገራትና እስከሚቀጥለው ጉዞው ድረስ ተሳቀብኝ።

ሌላ ሰው ደግሞ ነበር፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ዮናስ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ከአንድ ዓመት በፊት ከወንጌል ሰዎች ጋር መሰብሰብ ጀምሮ ከካቶሊክነቱ ወጥቷል። ጥቁር መጽሐፍ ቅዱሱ ከብብቱ አይወርድም። ለነገር ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «የት ተጽፏል?» ለማርያም መጸለይ የት ተጽፏል፣ ለቄስ መናዘዝ የት ተጽፏል። እናቴ ወጡ ጨው አንሶታል ስትል አባቴ ቀደም ብሎ «የት ተጽፏል?» ይልና አጎቴ ራሱ ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ግን ክርክሩ ይመጣል። መጽሐፉን ማን አስረከበህ ይለዋል አባቴ። ጌታ ይላል አጎቴ። አባቴም በፖስታ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እንዲህ እያሉ ምሳው ይቀዘቅዛል። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር። አጎቴ ከረሜላ ይዞልኝ ይመጣል፤ አባቴ ደግሞ ከጅቡቲ ብስኩት ያመጣልኛል።

የዚያ ዓመት ግንቦት መጣ። በግንቦት ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ተዘግቷል፣ የጋሪ ፈረሶች ዓይናቸውን ጨፍነው ጥላ ሥር ቆመዋል፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ገብተዋል፣ ሴቶቹ ወለሉን ውሃ ረጭተው ተጋድመዋል። ከሩቅ የአንድ ሰው ሬዲዮ ይሰማል፣ እሱም ያንቀላፋ ይመስላል። እኔ ደጃፉ ላይ ጉንዳን እያየሁ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ግን ገና ነው። ከውስጥ ስሜን ስትጠራ ድምፁ የሷ አልመሰለኝም።

አዴ ሩቂያን ጥሪ አለችኝ። ግድግዳውን ደበደብኩት። አዴ ሩቂያ ሽርጧን እያሸረጠች በባዶ እግሯ በዚያ በጋለ መሬት ሮጣ መጣች። እኔን ከመጋረጃው ውጭ አቆመችኝ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። የምሰማው የአዴ ሩቂያን «አይዞሽ፣ ሃዬ፣ አይዞሽ» ማለት ነው። በኋላ ዝም ተባለ። ሕፃን ሲወለድ እንደሚያለቅስ አውቅ ነበር፤ ለቅሶውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

«ተሬዛ፣ ውሃ» አለችኝ አዴ ሩቂያ። ከእንስራው በጣሳ ቀድቼ ሮጥኩ። ጣሳው ዘንበል ብሎብኝ ግማሹ ደጃፉ ላይ ፈሰሰና ያ ሽታ ተነሳ። ስገባ እናቴ የአዴ ሩቂያን ክንድ ጨምድዳ ይዛ በጆሮዋ ትነግራታለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ምን እንደምትነግራት ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ በኋላ ነው የገባኝ። ካህን ከሌለና ሕፃን ሊሞት ከሆነ ማንም ሰው ሊያጠምቀው እንደሚችል ልጅ ሳለች መነኮሳቱ አስተምረዋታል። የደብሩ ካህን አባ ሚካኤል ምእመናን ሊጎበኙ ገጠር ወርደዋል። አባቴ ጅቡቲ ነው። መምህር ዮሐንስ ደቻቱ ማዶ ናቸው። እናቴ ከትራሷ ቀና ለማለት አቅም አልነበራትም። ለምን እኔን እንዳላዘዘችኝ ካደግኩ በኋላ አስቤያለሁ፤ ጣሳውን እንዴት እንደያዝኩት አይታ ይሆናል።

ተናግራ ሳትጨርስ እጇ ከአዴ ሩቂያ ክንድ ላይ ወደቀ። አዴ ሩቂያ ጣሳውን ተቀብላኝ ውጪ አለችኝ። መጋረጃው ሲወርድ ያየሁት ጎንበስ ያለ ጀርባዋን ነው። ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ቃል ግን አልሰማሁም። ወንድሜ ትንሽ ቆይቶ ሄደ።

በድሬ ሙቀት ሬሳ አይከርምም፤ በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። አጎቴ ዮናስ ከፋብሪካ እንደነበረ መጣ። መምህር ዮሐንስ ተጠርተው መጡ። ግቢው የእኛም የአዴ ሩቂያም ወገን በሆኑ ሴቶች ሞላ። እናቴ ነቅታ ነበር። ልጁ ተጠምቋል ወይ ብለው መምህር ሲጠይቋት፣ ሩቂያ አጥምቃዋለች አለች። የጥምቀቱን ቃል ስትል ሰምተሻል ወይ አሏት። አልሰማሁም፣ ራሴን ስቼ ነበር አለች። እኔንም ጠየቁኝ፤ ውሃውን አምጥቻለሁ፣ ሌላ አላውቅም አልኩ።

መምህር ዮሐንስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ሲያሹ አያቸዋለሁ። ትምህርቱ ማንም ሰው ይላል፤ ያላመነ ሰውም ቢሆን ማለት ነው ወይ፣ ይህ አልገጠማቸውም። ደግሞስ ምን ብላ እንዳጠመቀች ማን ያውቃል? ወደ አዴ ሩቂያ ዞሩ። አዴ ሩቂያ በዚያ ሁሉ ሴት መሀል ቆማ፣ የራሷ ጎረቤቶች እያዩዋት፣ «እኔ አዋላጅ ነኝ። ልጁን ተቀበልኩ» አለች፣ ቤቷ ገብታም ዘጋች። መምህር ዮሐንስ እኔ አልወስንም፣ አባ ሲመጡ ይወስናሉ አሉ። እስከዚያ ግን እንደ ተጠመቀ ሰው ሊቀብሩት አልቻሉም።

የሚሲዮኑ መቃብር የግንብ አጥር ነበረው። ከአጥሩ ውጭ፣ ቁልቋል በበዛበት ጥግ፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ይቀበራሉ። ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው፤ መስቀል የላቸውም፣ ስም የላቸውም። ወንድሜን እዚያ አስቀመጡት። ባቡር ጣቢያ ቲኬት የሌለው ሰው ከብረት በሩ ውጭ እንደሚቆመው መስሎኝ ነበር። ቲኬት ቆራጩ ሲመጣ ከፍሎ ይገባል ብዬ ስላሰብኩ ብዙም አላዘንኩም። እናቴን ሳያት ነው ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የጠረጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በእኔ ትዝታ አንድ ረጅም ቀትር ነው። እናቴ መተኛት ተወች። ከተማው ሲያንቀላፋ እሷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። ጡቷ ወተት ይዞ ስለሚያማት በጨርቅ አጥብቃ ታስረዋለች። ከጣሳው እየጨለፈች መሬቱን ትረጫለች፤ ይደርቃል፣ እንደገና ትረጫለች። አባቴ ከጅቡቲ ሲመለስ ተመካክረው ስም ሊያወጡለት ነበር። ስለዚህ ስም አልነበረውም። ስታነሳው «እሱ» ነው የምትለው። እሱ እኮ ጣቶቹ ረጃጅም ነበሩ ትለኛለች። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

አጎቴ ዮናስ በየማታው ከሥራ ሲወጣ ይመጣ ነበር። እህቱን ይወዳታል፤ ለመከራከር አልነበረም የሚመጣው።

«እታለም፣ ሕፃን ምን በደለ?» አላት አንድ ቀን። «ጌታ ተቀብሎታል። አጥሩም ውሃውም የሰው ሥርዓት ነው። የት ተጽፏል?»

እናቴ ከጣሳው ጨልፋ መሬቱን ረጨች። «ደግ ነገር ነው ያልከኝ ዮናስ» አለችው በኋላ። «ግን አንተ ነህ ያልከኝ። ነገ ሌላ ሰው ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ነገር ያሳየኛል። ልጄን በአንድ ሰው አሳብ ላይ ላስቀምጠው አልችልም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ምን ሲሉ ነበር? እሱን የሚነግረኝ ነው የምፈልገው።»

አጎቴ መጽሐፉን ሊገልጥ ጀምሮ ተወው። ያን ዕለት ሁለቱም አሳዘኑኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደማይችሉ ስለገባኝ፣ ማንን እንደምይዝ ጨነቀኝ።

አዴ ሩቂያ ደግሞ ጠፋችብን። በአንድ ግድግዳ እየኖረች ጠፋች። ጠዋት ጠዋት በመጋረጃው ብቅ ብላ «አደራችሁ?» ማለት ትታለች። እኔ ይህን በራሴ መንገድ ተረጎምኩት። ሰው ያጠመቀ ከራሱ ሃይማኖት ላይ የሆነ ነገር ይቀነስበታል ብዬ አሰብኩ። በመስኮቷ ሾልኬ ሳይ መስገጃዋን ዘርግታ ስትሰግድ አገኘኋትና እፎይ አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ እሑድ ከእኛ ጋር አግዳሚው ላይ ትቀመጥ ይሆናል፣ መልሶቹን በሹክሹክታ እነግራታለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የእሷን ጭንቀት ያየሁት ቀፊራ ገበያ ነው። ቲማቲም ስትመርጥ አንዷ ሻጭ ለጓደኛዋ «ሩቂያ ቄስ ሆነች አሉ» ብላ ሳቀች። አዴ ሩቂያ የመረጠችውን ሁሉ መልሳ አስቀመጠችና ሄደች።

አባቴ ሲመለስ እናቴ በሩ ላይ ነገረችው። ዕቃውን ሳያስቀምጥ ሰማት። ከዚያ ተነስቶ ወደ አዴ ሩቂያ በር ሲሄድ እናቴ ተነስታ መንገዱን ዘጋችበት።

«አትጠይቃትም» አለችው። «እሷ የማታምነውን ቃል ለእኔ ብላ አፏ ውስጥ አስገብታለች። ሁለተኛ በሰው ፊት ድገሚው አልላትም።»

«ካልተናገረች እኮ እዚያው ነው የሚቀረው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

አባቴ ተመለሰ። የእናቴ ጭንቀት ያን ጊዜ ሁለት ሆነ። ልጇን ወደ አጥሩ ውስጥ የሚያስገባላት አንድ አፍ ነው፤ ያንን አፍ ደግሞ እሷ ራሷ ማስከፈት አልፈለገችም።

አባ ሚካኤል በሰኔ መጨረሻ ተመለሱ። ፈረንጅ ናቸው፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው ይወርዳል፣ አማርኛቸው ከሐረርጌ ገጠር የተለቀመ ነው። ቤታችን መጥተው ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሙስሊም መሆኗ አያግድም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያስተማረችው ዛሬ አይደለም፣ ከጥንት ነው። ነገር ግን በውሃ መሆኑን፣ ቃሉ ያ ቃል መሆኑን፣ እሷም ምን ለማድረግ እንደፈለገች ከራሷ አፍ መስማት አለባቸው። እናቴ፣ አባ እርስዎ ካመኑ አይበቃም ወይ አለቻቸው። አይበቃም አሉ። ደስ ስላለኝ እጨምርልሽ፣ ስላዘንኩ እቀንስልሽ ዘንድ የእኔ አይደለም፣ የተረከብኩት ነው አሏት። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጠብቃታለሁ ብለው ሄዱ።

በዚያ ምሽት እናቴ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። «ሩቂያ፣ አባ መጥተዋል» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ከማዶ «ሃዬ» የሚል ተሰማ፤ እሺ ይሁን ሰምቻለሁ ይሁን ማናችንም አላወቅንም።

እሑድ ዕለት ሚሲዮኑ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እናቴ፣ አባቴ፣ መምህር ዮሐንስ፣ አባ ሚካኤል። አጎቴ ዮናስም መጥቶ ነበር፤ ለእህቱ ብሎ ነው የመጣው፣ መጽሐፉ ግን አብሮት ነው። ሰዉ አስቀድሶ ሄዷል። በኮረብታዎቹ በኩል ደመና ስለነበር አየሩ ታፍኗል። አዴ ሩቂያ አልመጣችም። እየጠበቅን ሳለ አጎቴ ጥያቄውን መያዝ አልቻለም። ሙስሊም ሴት ክርስቲያን ልታጠምቅ እንደምትችል የት ተጽፏል ብሎ አባ ሚካኤልን ጠየቃቸው።

አልተጻፈም አሉ አባ ሚካኤል፣ ሳይደነግጡ። አጎቴ ጭራሽ ይህን መልስ አልጠበቀም። ጌታችን መጽሐፍ ጽፎ አላስቀመጠም፣ ሰዎችን ላከ አሉት። የተላኩት አንዳንዱን ጻፉት፣ አንዳንዱን በአፋቸውና በእጃቸው አስረከቡ። የያዝከው መጽሐፍ ራሱ የትኛው ወንጌል እንደሚገባበት፣ የትኛው እንደማይገባ፣ የተረከቡት ናቸው ለይተው ያቆዩልህ። እንግዲያ ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፉ በላይ ናት ማለት ነዋ አለ አጎቴ፣ ያዝኳቸው በሚል ድምፅ። አይደለችም አሉ። ከቃሉ በታች ናት፣ አገልጋዩ ናት። ወደ አባቴም ዞረው የባቡሩን ደንብ መጽሐፍ ያውቀው እንደሆነ ጠየቁት። በቃሌ አለ አባቴ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አያያዝ ማን እንዳስተማረው ጠየቁት። አባቴ አሰበና፣ አሮጌው ሾፌር፣ እጄን ይዞ አለ። ከመጽሐፉ ጋር ይጣላ ነበር ወይ አሉት። እንዴት ይጣላል አለ አባቴ፣ መጽሐፉ ምን ለማለት እንደፈለገ የገባኝ እሱ ሲያሳየኝ ነው።

አጎቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የጋሪ ድምፅ ሰማን። አዴ ሩቂያ ነበረች። የዒድ ልብሷን ለብሳለች፣ ፊቷ ግን ለለቅሶ የመጣች ሴት ፊት ነው። ሰላም ብላን በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር ሲሰጧት እንቢ አለች።

አባ ሚካኤል ስላመሰገኗት ጭንቀቷ የበዛ ይመስላል፣ እጇን ታፍተለትላለች። ልጁ በሕይወት እንደነበረ ጠየቋት። ይተነፍስ ነበር አለች። ምን እንዳደረገች ጠየቋት። ውሃ በራሱ ላይ አፈሰስኩ አለች።

«ምን ብለሽ?» አሏት።

አዴ ሩቂያ እናቴን አየቻት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ሼኹን ጠይቄ ነው የመጣሁት» አለች አዴ ሩቂያ። «እንቅልፍ አጥቼ ነበር ወላሂ። ቃሉን ብናገር የኔ ሰው ምን ይለኛል፣ ዝም ብል ይቺ ሴት ምን ትሆናለች እያልኩ። ሼኹ፣ አማና የተቀበለ አደራውን እንዳለ ያደርሳል፣ ምስክርም አይደበቅም አሉኝ። ቃሉ የኔ አይደለም አባ። የሷ ነው፣ ሰጥታኝ ነበር። አሁን እንደሰጠችኝ እመልስላታለሁ፣ ስማ።» ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አለችው። «ዩሱፍ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ።»

እናቴ ቀና አለች። አባ ሚካኤል ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር።

«ይህን ስታደርጊ ምን አስበሽ ነው?»

«ምን አስባለሁ? የናንተን ነገር አላውቀው። እናንተ የምታደርጉትን ላድርግላት ብዬ ነው፣ እሷ የለመነችኝን። ሌላ አላሰብኩም።»

አባ ሚካኤል ቆባቸውን አወለቁ። ወደ መምህር ዮሐንስ ዞረው፣ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ይህን ነው፣ ከዚህ አንዲት ቃል አትጨምርም አሉ። ልጁ ተጠምቋል። መምህር ዮሐንስ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ፊታቸውን በመሐረብ ያዙ፤ ለካስ እሳቸውም ሲጨነቁበት ሰንብተዋል። አጎቴ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀረ። ስለ እሱ እውነቱን ለመናገር፣ በሚቀጥለው እሑድም «የት ተጽፏል?» ማለቱን አልተወም። በዚያች ሰዓት ግን አልጠየቀም።

እናቴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም የሰማች አትመስልም ነበር።

«ዩሱፍ ማን ነው?» አለች።

አዴ ሩቂያ ወደ እሷ ዞረች። «ስሙን ሳትነግሪኝ ራስሽን ሳትሽ» አለች። «ልጅ ስም ሳይኖረው እንዴት ይጠራል? ሌላ ስም አልመጣልኝም። የኔ ልጅ ስም ነው። እሱም እንደዚያ ነው የሄደብኝ፣ በእጄ ላይ።»

በአንድ ግድግዳ ስንኖር ልጅ እንደነበራት አናውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም። የሰፈሩን ሁሉ ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት የራሷን ለማንም አልተናገረችም። እናቴ ተነስታ ሄዳ አጠገቧ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ትከሻ ለትከሻ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ አሁን አውቃለሁ።

አባ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደሚቀረው ነገር ሄዱ። ሕፃኑ ከክርስቲያኖች ጋር የማረፍ መብቱ ነው፤ ነገ ጠዋት አውጥተን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን አሉ። ካልሆነም ባለበት መቃብሩን መባረክ ይቻላል፣ መስቀልም ይተከልበታል፣ ምርጫው የእናንተ ነው አሉ። አባቴ ውስጥ ይግባ አለ ወዲያው። ለዚህ ነበር የተጠበቀው።

እናቴ ወደ አዴ ሩቂያ ዞረች። «ውስጥ ከገባ ትመጪለታለሽ?» አለቻት።

አዴ ሩቂያ አሰበች። «መቃብራችሁ ውስጥማ እኔ ምን ብዬ እገባለሁ» አለች። «ከበሩ አላልፍም። አንቺ ግቢለት።»

«እንግዲያ ባለበት ይሁን አባ» አለች እናቴ። «እሷ የምትደርስበት ቦታ ይሁን።»

አባቴ ለመስቀሉ እንጨት ሊፈልግ ተነሳ። አባ ሚካኤልም ራሳቸውን ነቀነቁና መምህር ዮሐንስን ጸበሉን እንዲያመጡ ላኳቸው።

ዕለቱን ሄድን። ደመናው ሳይዘንብ እየተበተነ ነበር። አባ ሚካኤል በላቲን ጸለዩ፣ መቃብሩን ባረኩ። አባቴ ከሁለት እንጨት ያበጀውን መስቀል ተከለ። ስለ ሌሎቹ ጉብታዎች ማንም አልጠየቀም። አባ ሚካኤል ግን የተረፋቸውን ውሃ ይዘው ትንሽ ቆሙና፣ ለእነዚህም በእግዚአብሔር ምሕረት ተስፋ እናደርጋለን ብለው በእነሱም ላይ ረጩት።

አዴ ሩቂያ መንገዱ ዳር ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ እናቴ በእጇ ጠራቻት።

«ነይ ሩቂያ። አንቺ ጥሪው፤ እኔ ስሙን ገና አልለመድኩትም።»

አዴ ሩቂያ መጥታ ተንበረከከች፣ መዳፏንም አፈሩ ላይ አሳረፈች። «ዩሱፍ» ብላ ጠራች፣ እዚያው ግቢ የሚጫወት ልጅ እንደሚጠራ አድርጋ።

አፍ ላልፈታ ልጅ እናቱ እንደምትመልስለት፣ እናቴ «አቤት» አለች።